ደጋግሞ የሚወልቅ ትከሻ፦ የአርትሮስኮፒው ውጤት አስቀድሞ የሚታየው አጥንቱ ላይ ነው

ትከሻው ደጋግሞ የሚወልቅበት ሰው በካሜራና በጥቃቅን ቀዳዳዎች የሚሠራ ቀዶ ሕክምና (አርትሮስኮፒ) ሲታሰብለት መጀመሪያ የሚጠይቀው «ከዚያ ወዲያ ደግሞ ይወልቃል ወይ?» ብሎ ነው። መልሱም ብዙ ጊዜ በአንድ ቁጥር ያልቃል፤ ከመቶው ዘጠናው ይድናል ይባላል። ቁጥሩ ውሸት ባይሆንም የዚያን ሰው ትከሻ አይመለከትም። ያው ቀዶ ሕክምና በእነዚያው ሐኪሞች እጅ ተሠርቶ አንዱ ዓይነት ትከሻ ላይ የመክሸፍ መጠኑ 4 በመቶ፣ ሌላው ላይ 67 በመቶ ሆኖ ተገኝቷል። ይህን ያህል ልዩነት ከስፌት ጥራት ብቻ አይመጣም። አብዛኛው ነገር በሽተኛው ማደንዘዣ ከመውሰዱ በፊት በአጥንቱ፣ በዕድሜውና በሚሠራው ስፖርት ተወስኖ ያለቀ ነው። አስቀድሞ መለካት እየተቻለ ሳይለካ የሚገባበት ቀዶ ሕክምና መኖሩ እጅግ የሚያሳዝን ነገር ነው።

የትከሻ መጋጠሚያ ከሰውነታችን መጋጠሚያዎች ሁሉ ብዙ የሚንቀሳቀሰው ነው፤ ብዙ የሚወልቀውም እሱ ነው። የክንድ አጥንት ራስ ትልቅና ክብ ሲሆን የሚያርፍበት ግሌኖይድ የሚባለው የአጥንት ገበታ ግን ጠባብና ጠለል ያለ ነው። ገበታውን ዙሪያውን የሚከበው ላብረም የተባለ ጠንካራ ቀለበት መኪና ቁልቁለት ላይ ሲቆም ጎማ ሥር እንደሚደረግ ድንጋይ ሆኖ የክንዱን ራስ ይይዘዋል። የመጋጠሚያው ከረጢትና በውስጡ ያሉት ጅማቶችም የሚተከሉት በዚሁ ቀለበት ላይ ነው። ከ100 ውልቃት 95 ያህሉ ወደ ፊት ነው። በዚያን ጊዜ የቀለበቱ የፊት ታችኛ ክፍል ከነጅማቱ ከአጥንቱ ላይ ተገንጥሎ ይቀራል። እንግሊዛዊው ሐኪም ባንካርት በ1923 (እዚህ ያሉት ዓመታት ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው) የትከሻ ውልቃት መደጋገም መንስኤ ይህ መሆኑን ስለጻፈ ጉዳቱ እስከ ዛሬ በስሙ ይጠራል።

ጉዳቱ ግን በቀለበቱ አያበቃም። የክንዱ ራስ ከገበታው ወጥቶ ጠርዙ ላይ ሲጋጭ ጀርባው ይሰረጎዳል። ይህን ስርጉድ በ1940 የገለጹት ሂል እና ሳክስ የተባሉ ሁለት የራጅ ሐኪሞች ናቸው። በሌላው በኩል የገበታው የፊት ጠርዝ አንዳንዴ ይሰበራል፤ አንዳንዴ ደግሞ በእያንዳንዱ ውልቃት ትንሽ ትንሽ እየተፋቀ ያልቃል። ስለዚህ አሥር ጊዜ የወለቀ ትከሻና አንድ ጊዜ የወለቀ ትከሻ ስማቸው አንድ ይሁን እንጂ ቀዶ ሐኪሙ ውስጥ ገብቶ የሚያገኘው ነገር አንድ አይደለም። ቆይቶ የሚመጣው ትከሻ ሌላም ችግር አለው። የተገነጠለው ላብረም በቦታው ሳይሆን ወደ ውስጥ ተንሸራቶ የአጥንቱ አንገት ላይ ተጣብቆ ይድናል። ካሜራ ሲገባ ላይታይ ይችላል፤ ያልተጎዳ ይመስላል። ይህ ዓይነቱ ከአዲሱ ይልቅ ከጥገና በኋላ ተመልሶ የመውለቅ ዝንባሌ አለው።

መደጋገሙን በዋናነት የሚወስነው ዕድሜ ነው። በኤዲንብራ ከ15 እስከ 35 ዓመት የሆኑ፣ ለመጀመሪያ ጊዜ የወለቀባቸው ሰዎች ያለ ቀዶ ሕክምና ሲከታተሉ በ2 ዓመት ውስጥ ከግማሽ በላይ የሚሆኑት፣ በ5 ዓመት ደግሞ ከሦስት ሁለቱ ያህሉ ትከሻቸው አልጸና ብሏል። ከ40 ዓመት በላይ የሆነ ሰው ሲወልቅበት ደግሞ መጀመሪያ መፈተሽ ያለበት ሌላ ነገር ነው፦ ክንድን ወደ ላይ የሚያነሱት የትከሻ ጅማቶች ተበጥሰው ይሆን? በዚህ ዕድሜ የመደጋገሙ ዕድል ይቀንሳል፣ የጅማት መበጠሱ ይጨምራል።

አሁን ወደ ቀዶ ሕክምናው። በሽተኛው በጎኑ ተኝቶ ክንዱ በክብደት ይሳባል፤ አለዚያም ጀርባውን ደግፎ ቀና ብሎ ይቀመጣል። ካሜራው 4 ሚሊ ሜትር ያህል ውፍረት ያለውና ጫፉ በ30 ዲግሪ ያዘነበለ ዘንግ ሲሆን ከትከሻ ጫፍ አጥንት የኋላ ጥግ 2 ሴንቲ ሜትር ያህል ዝቅ ብሎ፣ ትንሽም ወደ ውስጥ ገባ ብሎ በሚከፈት ቀዳዳ ይገባል። ከፊት በኩል ለመሣሪያ የሚሆኑ ሁለት ቀዳዳዎች ይከፈታሉ። መጋጠሚያው በጨው ውኃ ይነፋል። ጥሩ ሐኪም ወደ ጥገናው ከመሄዱ በፊት ዙሪያውን ይቃኛል፤ ላብረሙን ከላይ እስከ ታች፣ ስርጉዱን፣ የከረጢቱን ታችኛ ወለል፣ ጅማቶቹን። አልፎ አልፎ ከረጢቱ የሚቀደደው በገበታው በኩል ሳይሆን በክንዱ አጥንት በኩል ነው። ይህ ካልተፈለገ አይታይም፤ ሳይታይ የቀረ ከሆነ ደግሞ የፊቱ ስፌት የቱንም ያህል ቢያምር ትከሻው ይወልቃል።

ከዚያ በኋላ የሚመጣው ሥራ ለዓይን አይስብም፤ ውጤቱ ግን ከማንኛውም ደረጃ በላይ በሱ ላይ የተንጠለጠለ ይመስለኛል። የተጣበቀው ላብረም በጠፍጣፋ መሣሪያ ከአጥንቱ አንገት ላይ ይላቀቃል፤ ከኋላው ትከሻን ከፊት የሚሸፍነው የሰብስካፑላሪስ ጡንቻ ቀይ ክሮች እስኪታዩና ላብረሙ ራሱን ችሎ ወደ ጠርዙ እስኪንሳፈፍ ድረስ። እዚህ ላይ የቸኮለ ሐኪም ላብረሙን በተጣበቀበት ቦታ ሰፍቶ ይወጣል። ከዚያ የአጥንቱ ጠርዝ እስኪደማ ይፋቃል፤ ላብረሙ ተመልሶ የሚጣበቀው በክር ኃይል ሳይሆን ከደማው አጥንት ጋር በሚፈጥረው ጠባሳ ስለሆነ። ክሩ የሚጠበቅበት ጠባሳው እስኪጠነክር ድረስ ያሉትን ሳምንታት መያዝ ብቻ ነው።

ክሩን የሚሸከሙት አንከር የሚባሉ፣ አጥንት ውስጥ የሚቀበሩ ጥቃቅን መያዣዎች ናቸው። ብዙዎቹ ከ3 ሚሊ ሜትር አይበልጡም። ገበታውን እንደ ሰዓት ፊት ብናስበው፣ በቀኝ ትከሻ የመጀመሪያው አንከር 5፡30 ላይ፣ ሁለተኛው 4፡30 አካባቢ፣ ሦስተኛው 3፡00 ላይ ይተከላል። መርፌው ከረጢቱን ከአንከሩ ዝቅ ካለ ቦታ ከ5 እስከ 10 ሚሊ ሜትር ይዞ ወደ ላይ ይስበዋል፤ የላላው ከረጢት የሚጠበበው በዚህ ነው። ታች ላይ መርፌው ጠልቆ መግባት የለበትም፤ አክሲለሪ ነርቭ ከከረጢቱ ሥር ከ1 እስከ 1.5 ሴንቲ ሜትር ያህል ርቀት ላይ ያልፋል።

ስህተቶቹ ይታወቃሉ። ታችኛው አንከር 4፡00 ላይ ከተተከለ የከረጢቱ ታችኛ ክፍል እንደላላ ይቀራል፤ ችግሩ ደግሞ ያለው እዚያው ነው። አንከሮቹ ጠርዙ ላይ መሆናቸው ቀርቶ አንገቱ ላይ ከወረዱ ላብረሙ እንደገና የመደገፊያነት ሥራውን አይሠራም፤ ቀድሞ በተሳሳተ ቦታ የዳነውን ትከሻ በመርፌ እንደ መድገም ነው። አንከር ከአጥንቱ ወጣ ብሎ ከቀረ የክንዱን ራስ የሚሸፍነውን ለስላሳ ካርቲሌጅ እያረሰ ይበላዋል፤ ከቀዶ ሕክምናው በኋላ አዲስ የሚንኳኳ ሕመም ከመጣ ሳይዘገይ መታየት ያለበት ለዚህ ነው። ቀዳዳዎቹ በአንድ መስመር ተጠጋግተው ከተበሱ ደግሞ በኋላ አደጋ ሲመጣ ጠርዙ በቀዳዳዎቹ መስመር ሊሰበር ይችላል። የአንከር ቁጥርም ራሱን የቻለ ነገር ነው፤ በፈረንሳይ የቧሎ ቡድን በ2006 ባወጣው ጥናት 3 ወይም ከዚያ ያነሰ አንከር የተደረገላቸው ሰዎች የበለጠ ድጋሚ ወልቆባቸዋል። ስለዚህ ሦስት ሲባል የመጨረሻው ዝቅተኛ መጠን እንጂ ግብ አይደለም። በአንጻሩ ደግሞ ከመጠን በላይ መጥበቅ ትከሻውን ያደርቀዋል፤ ክንድ ወደ ውጭ መዞር ያቅተዋል፣ ዓመታት ሲያልፉም የመጋጠሚያው ካርቲሌጅ ይጎዳል።

ሁለት የቀድሞ ልማዶች ከነጭራሹ ተትተዋል፤ ከረጢቱን በሙቀት ማጥበብና ከቀዶ ሕክምና በኋላ የማደንዘዣ መድኃኒት በቱቦ ወደ መጋጠሚያው ውስጥ ያለማቋረጥ ማፍሰስ። ሁለቱም በወጣቶች ላይ ካርቲሌጁ በፍጥነት እንዲሟሟ ካደረጉ ነገሮች መካከል ናቸው።

እንዲህ ሁሉ ተጠንቅቆ የተሠራ ጥገናም ግን አጥንት ከጎደለው አይጸናም። በርክሃርት እና ደ ቢር በ2000 ባወጡት ጽሑፍ 194 የአርትሮስኮፒ ጥገናዎችን መርምረው ነበር። ጉልህ የአጥንት ጉድለት ከሌለባቸው ውስጥ እንደገና የተቸገሩት 4 በመቶ፣ ጉድለቱ ካለባቸው ውስጥ 67 በመቶ ሆኑ። ሰውነት በሚጋጭባቸው ስፖርቶች ውስጥ ያሉት ለብቻ ሲታዩ፣ አጥንታቸው ሙሉ የሆነው 6.5 በመቶ፣ የጎደለው 89 በመቶ። መግቢያው ላይ ያነሳሁት ልዩነት ይህ ነው። ከዚህ ቁጥር የምረዳው አንድ ነገር አለ፦ ግጭት ያለበት ስፖርት ብቻውን ቀዶ ሕክምናውን አያከሽፍም፤ ጎደሎ አጥንት ላይ ሲጨመር ግን ጨርሶ ያፈርሰዋል።

የአጥንት ጉድለት የሚለካው እንዴት ነው? ጥሩው መሣሪያ ሦስት አቅጣጫ ያለው ሲቲ ስካን ነው፤ የክንዱ ራስ ከምስሉ ተወግዶ ገበታው ከፊት ለፊት ይታያል። የገበታው ታችኛ ክፍል ክብ ስለሆነ ክብ ይሳልበትና ከክቡ የጎደለው ስፋት ይለካል። ድሮ ከ20 እስከ 25 በመቶ ካልጎደለ ለስፌት ይበቃል ይባል ነበር። በ2015 በአሜሪካ ወታደሮች ላይ የተሠራ ጥናት ግን ከ13.5 በመቶ ጀምሮ፣ ትከሻው ተመልሶ ባይወልቅም እንኳ ሰዎቹ ስለ ትከሻቸው የሚሰጡት ውጤት መጥፎ እንደሚሆን አሳየ። ከዚያ ወዲህ «ትንሽ ጎድሏል» የሚለው ቃል ብቻውን አያሳምንም፤ ምን ያህል ነው?

ከዚህም በላይ የገበታው ጉድለትና የክንዱ ስርጉድ ተለያይተው አይታዩም፤ ክንድ ተነስቶ ወደ ውጭ ሲዞር ይገናኛሉ። በ2014 የታተመው የዲ ጃኮሞ፣ የኢቶይ እና የበርክሃርት ስሌት ቀላል ነው። የገበታው የክብ ስፋት በ0.83 ይባዛል፤ ከዚያ ላይ የጎደለው ስፋት ይቀነሳል። የሚገኘው፣ ገበታው በክንዱ ራስ ላይ የሚሄድበት መንገድ ስፋት ነው። ስርጉዱ፣ በሱና በትከሻ ጅማቶች መትከያ መካከል ካለው የአጥንት ድልድይ ጋር ተደምሮ ከመንገዱ ከበለጠ፣ የገበታው ጠርዝ ስርጉዱ ውስጥ ወድቆ ትከሻውን ያወልቀዋል። ለምሳሌ ስፋቱ 28 ሚሊ ሜትር የሆነ ገበታ 3 ሚሊ ሜትር ቢጎድለው መንገዱ 20.2 ሚሊ ሜትር ይሆናል። ስርጉዱና ድልድዩ ተደምረው 22 ሚሊ ሜትር ከሆኑ ትከሻው ከመንገዱ ውጭ ነው። ልብ ይባል፤ እዚህ የገበታው ጉድለት 11 በመቶ እንኳ አልሞላም። ለየብቻ ቢታዩ ሁለቱም «መለስተኛ» የሚባሉ ጉዳቶች ናቸው፤ አንድ ላይ ግን ስፌቱን ያሸንፉታል።

ሲቲ ስካን ከመነሳቱ በፊት እንኳ ብዙ ማወቅ ይቻላል። ባልግ እና ቧሎ በ2007 ያወጡት የነጥብ መስጫ ከ10 ይቆጠራል። በቀዶ ሕክምናው ጊዜ ዕድሜ 20 ወይም ከዚያ በታች ከሆነ 2፣ የውድድር ስፖርተኛ ከሆነ 2፣ ስፖርቱ ግጭት ያለበት ወይም ክንድን በኃይል ከራስ በላይ የሚያነሳ ከሆነ 1፣ መጋጠሚያዎቹ በተፈጥሮ የላሉ ከሆነ 1፣ ክንዱ ወደ ውጭ ዞሮ በተነሳ ራጅ ላይ ስርጉዱ ከታየ 2፣ የገበታው ጠርዝ መስመር በራጅ ላይ ከጠፋ 2። በነሱ ጥናት 6 ወይም በታች ያገኙት ላይ የመመለስ ዕድሉ 10 በመቶ፣ ከ6 በላይ ያገኙት ላይ 70 በመቶ ነበር። የ19 ዓመት ራግቢ ተጫዋች በዕድሜና በስፖርት ብቻ 5 ነጥብ ይዞ ይገባል፤ ራጁ ላይ ስርጉድ ከታየ 7 ደረሰ። ዛሬ አንዳንድ ሐኪሞች ገና ከ3 ሲያልፍ ይጠነቀቃሉ፤ እኔም ከነሱ ጋር ነኝ።

ታዲያ ስፌት ብቻ የማይበቃው ምን ይደረግለታል? ገበታው ብዙ ካልጎደለና ችግሩ ስርጉዱ ከሆነ፣ በዚያው አርትሮስኮፒ ከትከሻው ኋላ ያለው የኢንፍራስፒናተስ ጅማት ከነከረጢቱ ስርጉዱ ውስጥ ይሰፋል፤ ሬምፕሊሳዥ ይሉታል። ስርጉዱ ተሞልቶ ጠርዙ የሚወድቅበት ጉድጓድ ያጣል። በ2021 በታተመ ዕጣ የተጣለበት የካናዳ ጥናት ስርጉድ ካለባቸው ሰዎች ውስጥ ስፌት ብቻ የተደረገላቸው 18 በመቶ፣ ሬምፕሊሳዥ የተጨመረላቸው 4 በመቶ እንደገና ወልቆባቸዋል። ዋጋው ክንድ ወደ ውጭ ሲዞር የሚታጣ ጥቂት ዲግሪ ነው። ለአብዛኛው ሰው ምንም አይደለም፤ ለሚወረውር ስፖርተኛ ግን አስቀድሞ መነገር አለበት።

ገበታው ራሱ ብዙ ከጎደለ አጥንት በአጥንት ይተካል። የሊዮኑ ሐኪም ላታርዤ በ1954 ያቀረበው ዘዴ ከትከሻው ፊት ያለውን ኮራኮይድ የተባለ አጥንት ጫፍ ከነጡንቻው ቆርጦ በገበታው ፊት በብሎን ማሰር ነው። ጡንቻው ራሱ ክንድ ሲነሳ እንደ ቀበቶ ከፊት ይይዛል። ድጋሚ መውለቅን በመከላከል ከስፌት ይበልጣል። ሆኖም ነርቮች ቅርብ ናቸው፣ ብሎን ይላላል ወይም ይወጣል፣ የተተከለው አጥንት ሳይጣበቅ ይቀራል፤ ከከሸፈም ወደ ኋላ መመለሱ ከባድ ነው። ለሁሉም ላታርዤ የሚሉት ወገኖች ይህን አሳንሰው የሚያዩት ይመስለኛል።

ሰፋ አድርጎ ከፍቶ መስፋትስ? ሞታዲ እና ባልደረቦቹ በካናዳ 196 ሰዎችን በዕጣ ከፍለው በ2014 ባወጡት ውጤት፣ በ2 ዓመት ውስጥ በክፍት ቀዶ ሕክምና የተሠሩት 11 በመቶ፣ በአርትሮስኮፒ የተሠሩት 23 በመቶ እንደገና ተቸግረዋል። በተለይ ወጣት ወንዶችና ስርጉድ ያለባቸው ነበሩ። የኑሮ ጥራት መለኪያቸው ግን አልተለያየም። ትንሽ ጠባሳና ፈጣን ማገገም ማለት የበለጠ መጽናት ማለት እንዳልሆነ ይህ ጥናት በግልጽ ተናግሯል።

«ተሳካ» የሚለው ቃል ራሱ መጠየቅ አለበት። አንዱ ጥናት የሚቆጥረው ሙሉ ውልቃትን ብቻ ነው፤ ሌላው ወጣ ብሎ የሚመለሰውንም ይቆጥራል፤ ጥቂቶቹ ደግሞ ሰውዬው ክንዱን ሲያነሳ ሊወልቅ ነው ብሎ የሚሰጋውን ስጋት ይጨምራሉ። የሮው መለኪያ ከ100 ነጥቡ 50ውን ለመጽናት ብቻ ስለሚሰጥ ያልወለቀ ትከሻ በቀላሉ «በጣም ጥሩ» ይባላል። ዎሲ የሚባለው ግን 21 ጥያቄዎች አሉት፤ በዚያ በኩል መተኛት፣ ዕቃ ማንሳት፣ መውደቅን መፍራት ሁሉ ይጠየቃል። ያልወለቀ ነገር ግን ባለቤቱ የማያምነው ትከሻ የሚታየው በዚህ ነው። ጊዜም እንዲሁ ነው። በ2 ዓመት የተቆጠረ ውጤት ገና ያልጨረሰ ውጤት ነው። በኔዘርላንድስ 70 ትከሻዎች ከ8 እስከ 10 ዓመት ተከታትለው 35 በመቶው እንደገና ወልቀዋል፤ እዚያም ስርጉድ መኖሩና ከ3 ያነሰ አንከር መደረጉ አደጋውን የጨመሩ ነበሩ።

ማገገሚያው ላይ ብዙ አልቆይም፤ የሚታወቅ ነገር ነው፣ የሚከብደው መታገሡ ነው። ከ3 እስከ 6 ሳምንት ክንዱ ማንጠልጠያ ላይ ይሆናል፤ ክርን፣ አንጓና ጣቶች ግን ከመጀመሪያው ቀን ይንቀሳቀሳሉ። እስከ 6ኛው ሳምንት ክንድ ወደ ውጭ የሚዞረው በልክ ነው፤ አንስቶ ወደ ውጭ ማዞር ደግሞ እስከ 12ኛው ሳምንት ክልክል ነው። ጡንቻ ማጠንከር በ3ኛው ወር ገደማ ይመጣል፤ ግጭት ያለበት ስፖርት ከ6 ወር በፊት አይታሰብም። አደገኛው ጊዜ ከ6ኛው እስከ 12ኛው ሳምንት ነው፤ ሕመሙ ጠፍቷል፣ ጠባሳው ግን ገና አልጠነከረም። የሚጥል በሽታ ያለበት ሰው ደግሞ ሕመሙ በመድኃኒት ሳይያዝ ቢሰፋለት በመጀመሪያው ጥቃት ሁሉም ይፈርሳል፤ ቅደም ተከተሉ መገልበጥ የለበትም።

ከተሠራ በኋላ የወለቀ ትከሻ እንደገና በዚያው መንገድ ከመሰፋቱ በፊት አዲስ ሲቲ ስካን ይነሳለት። የመጀመሪያው ጥገና ያልጸናበት ምክንያት ይፈለግ፤ አንከሮቹ የት እንደተተከሉ፣ ስንት እንደሆኑ፣ ገበታው ስንት በመቶ እንደቀረው፣ ስርጉዱ ከመንገዱ ውጭ እንደሆነ። አንከሮቹ ከፍ ብለው ተተክለው አጥንቱ ሙሉ ከሆነ ሁለተኛ ስፌት ያስኬዳል። አጥንቱ ከጎደለ ግን ሁለተኛው ስፌት የመጀመሪያውን ዕጣ ይደግማል፤ ያኔ የሚሻለው አጥንት መትከሉ ነው።